የቬልማ አንድ ሺህ ኪሎዋት

ወይዘሮ ቬልማ ክራውች ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ አንድም ልጅ መንገድ ላይ ጥለው አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ማንም ሳይሾማቸው የሰፈሩ የመብራት ውል አንባቢ ሆኑ። ቴክሳስ ውስጥ ያው አንድ መብራት፣ በዚያው አንድ ሽቦ እየመጣ፣ መቶ ኩባንያ ይሻማበታል። ሁሉም “ከእኔ ወዲያ ርካሽ ላሳር” ይላል፤ ጉዱ ያለው ግን ደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ሰፈርተኛው ውሉን ይዞ በረንዳቸው ላይ ይሰለፋል፤ እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው “ይሄን ከፈረምክማ ጅል ነህ” ይሉታል። አቤት፣ ስንቱን ከጉድ አውጥተዋል!

የራሳቸው ውል ታዲያ ጉደኛ ነበር። በወር የተጠቀሙት መብራት አንድ ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ከሞላ ከሂሳቡ መቶ ዶላር ይቀነስላቸዋል፤ አንዲት ብትጎድል ሰባራ ሳንቲም የለም። ያቺ መቶ ዶላር የወር መድኃኒታቸው መግዣ ናት። ስለዚህ ወሩ ሊያልቅ ሲል ቆጣሪውን ያያሉ፤ ከጎደለ የልብስ ማድረቂያውን ባዶውን ያሽከረክሩታል። ጎረቤታቸው አቶ ሆይት ፕሩዌት፣ የኦክስጅን ማሽን ቱቦ ከአፍንጫቸው የማይለይ ሽማግሌ፣ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ይስቃሉ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም ንፋስ እያደረቅሽ ነው?”

“አንተ ዝም ብለህ ተንፍስ!”

ባለፈው ነሐሴ እህታቸው ዘንድ አምስት ቀን ሰንብተው ስለነበር፣ ሂሳቡ እኩለ ሌሊት ላይ በሚዘጋበት ዕለት ሠላሳ አምስት ኪሎዋት ጎደላቸው። ምን ችግር አለ፣ ማድረቂያው ከቀትር ጀምሮ ከዞረ ይሞላል። ሊያስነሱት እጃቸውን ሲዘረጉ ስልካቸው ጮኸ። ሙቀቱ ሰው ይጠብሳል፤ ነፋሱ ቆሞ የነፋስ ማመንጫዎቹ ተገትረዋል። የመብራት መስመሩን የሚቆጣጠሩት ሰዎች በመልእክት “እባካችሁ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ቆጥቡ፤ አለዚያ ሰፈር በሰፈር በየተራ እናጠፋለን” እያሉ ይለምናሉ።

የአንዲት አሮጊት ማድረቂያ ለቴክሳስ ምኗ ነው? አባይን በጭልፋ! ለራሳቸውም እንዲሁ አሉት። ግን ጣታቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ በመስኮት ሆይትን አዩአቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቴክሳስን በረዶ የመታት ጊዜ መብራት ጠፍቶ፣ የማሽኑ ባትሪ በግማሽ ሰዓት አልቆ፣ ሰውየው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኑን በራሳቸው መኪና ላይ ሰክተው ያተረፏቸው ቬልማ ናቸው።

ጣታቸውን አነሱ።

እጃቸውን አጣጥፈው ግን አልተቀመጡም። ኮፍያቸውን ደፍተው በየበሩ ዞሩ። “ማጠቢያውን አጥፋ! አንተም የመዋኛውን ፓምፕ! አንቺ ልጅ፣ መኪናሽን ከሦስት ሰዓት ወዲያ ቻርጅ ታደርጊዋለሽ!” ግማሹ ሰፈርተኛ በልጅነቱ የእሳቸው ተሳፋሪ ነበርና እምቢ የሚል አልተገኘም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሲመለሱ ሆይት አጥሩ ላይ ጠበቋቸው። “ሺህሽ ሞላ?”

“ድሮ ሞልቷል” አሉ ቬልማ፣ ዞር ብለው ሳያዩ።

ወደ ማታ መብራቱ አንዴ ጭልም ብሎ ተመለሰ። አልጠፋም፣ ተመስገን! ሦስት ሰዓት ሲሆን ሮጠው ማድረቂያውን አስነሱት፤ እኩለ ሌሊት ግን ቀደማቸው።

ከአሥር ቀን በኋላ ሆይት እንደ ልማዳቸው ሂሳብ ሊያወዳድሩ መጡ። በረዶ ያለው ሻይ ቀረበ። የቬልማን ወረቀት አንስተው እየሳቁ ማንበብ ጀመሩ። ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት። ቅናሽ፦ የለም። ሂሳቡ የተዘጋበትን ቀን አዩ፤ ያ “ቆጥቡ” የተባለበት ዕለት ነው፤ ደግመው አዩት፤ ሳቃቸውም ጠፋ።

“ቬልማ፣ ሞልቷል ብለሽኝ ነበር እኮ።”

“አንተ ዝም ብለህ ተንፍስ” አሉ፣ ሻይ እየጨመሩላቸው።