ከጢሱ ጋር የወጣ ቃል

ሸዋገነት ቀኑን ቆሼ ላይ ፕላስቲክ ስትለቅም ትውላለች፤ ማታ ደግሞ መዝገቡ የሚባለውን፣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለውን ባሏን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። እሑድ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ስትሄድ፣ ገላዋን ታጥባም የቆሻሻው ሽታ ያልለቀቃት ስለሚመስላት ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ትቆማለች።

አንድ እሑድ አባ ገብረአምላክ የዕጣን ጽናቸውን ይዘው ሕዝቡን እያጠኑ መጡ። ሰው ሁሉ ጢሱ ሲደርሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ልመናውን ያንሾካሹካል። እሷም ለባሏ ምሕረት ልትለምን አስባ ነበር፤ አጠገቧ ሲደርሱ ግን ከአፏ የወጣው «ደከመኝ» የሚል ቃል ብቻ ሆነ።

ከቅዳሴ በኋላ አፍራ ጠበቀቻቸው። «አባ፣ በጸሎት ፈንታ አጉረመረምኩ እኮ።»

«ዳዊትም ‹ጸሎቴን እንደ ዕጣን ተቀበልልኝ› ያለው ጨንቆት ነው» አሏት። «ዕጣን እሳት ሳይነካው መች ይሸታል ልጄ? ያልሽውን እስከ መንበሩ ይዤልሽ ገብቻለሁ።»

ድካሟ ግን አብሯት ቤት ገባ። መዝገቡ አንሶላው ረጥቦ ጠበቃት።

«ምን ለመንሽልኝ?» አላት እየቀየረችለት ሳለች።

«ዛሬ ለራሴ ነው የለመንኩት።»

መዝገቡ ደህናውን እጁን ዘርግቶ የአንሶላውን ጫፍ ያዘላት።