ሂሩት ሴሏን ያበላች ቀን

ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራ እስካገኝ ብዬ እዚሁ ቀራንዮ ሰፈር አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ትናንት ስለ ሴል መከፋፈል ልንጀምር ስንል ልጅቷ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ "ይሄን ከመከፈሉ በፊት ያለውን እንዝለለው፤ ሴሉ ገና ቁጭ ያለበት ነው፣ ምንም አይሠራም" አለችኝ። ደሜ ፈላ። በሷ አይደለም። ሂሩት ትዝ አለችኝ።

ሂሩት የሰፈሬም የክፍሌም ልጅ ነበረች። ጠዋት አብረን ነው ትምህርት ቤት የምንሄደው። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ገና ሳይደርቅ እኔ ዘልዬ ዘልዬ አልፋለሁ፤ እሷ ድንጋይ እየመረጠች ትረግጣለች። በር ላይ ትኩስ ቦንቦሊኖ ስንገዛ እኔ አፌን አቃጥዬ ጨርሼ፣ እሷ ገና ዘይቱን በወረቀት እየጠረገች ነው። እንደዚህ ዓይነት ሰው ያበሳጨኛል። ፀጉሯም ያበሳጨኝ ነበር፣ እጅ ጽሑፏም። የገዛ እናቴ "እንደ ሂሩት ረጋ በይ" ስትለኝማ አይነሳ።

በአንድ ለአምስት የጥናት ቡድናችን ግን መሪዋ እኔ ነበርኩ። መሪ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ማርኩ ለሁሉም እኩል ነው። የወላጆች ቀን ሲደርስ ቲቸር ግርማ የሴል መከፋፈልን በሞዴል እንድናሳይ ሰጡን። "መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ልየው" አሉ። እኔ ምን አስጠበቀኝ? የማቀርበው እኔ ነኝ ብዬ ለእማዬ የዚያኑ ዕለት ነገርኳት። ጎረቤቱን ጠራች፣ ነጭ ልብሷን አጠበች።

ከፉርኖ ዱቄት ሊጥ አቡክቼ፣ ሁለት ቀይና ሁለት ሰማያዊ ክር ከትቼበት፣ ሰሃን ላይ አድርጌ ክፍል ፊት ቆምኩ።

"ይሄ ሴል ነው። ክሮቹ ክሮሞዞሞች ናቸው። አሁን ይከፈላል!" ብዬ ሊጡን ለሁለት ቀደድኩት።

"ቆይ" አሉ ቲቸር። "እናትየዋ ሴል ስንት ክር ነበራት?"

"አራት።"

"ልጆቿስ?"

"ሁለት ሁለት። እኩል ነው ያካፈልኳቸው!"

ከኋላ አንዱ፣ "ወይኔ፣ የፍቺ ንብረት አደረገችው!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሂሩት እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሳታበላት እኮ ነው የከፈለቻት።"

መጥታ ሊጡን መልሳ አንድ አደረገችው። ዱቄትና ውሃ ጨምራ አሸችው፤ ወፈረ። "መጀመሪያ ታድጋለች" አለች። ከተረፈኝ ክር ቆርጣ በእያንዳንዱ ጎን መሰሉን አስተኛች። "አሁን ክሮሞዞሞቿን ኮፒ አደረገች።"

"በቃ ክፈያታ!" አልኳት።

"ገና ነው። ለመከፈል የሚያስፈልጋትን ታዘጋጃለች፣ ኮፒው ስህተት እንዳለው እንደሌለውም ታያለች።" ክሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካካች። ያ ሁሉ ተማሪ ትንፋሹን ውጦ ሊጥ ያያል። ሊጥ! ከዛ ቀስ ብላ ከፈለችው። አራት፣ አራት።

"ሂሩት ታቀርባለች" አሉ ቲቸር።

"መሪዋ እኮ እኔ ነኝ!"

"አንቺ ሰሃኑን ያዢላት።"

በወላጆች ቀን ያዝኩላት። እማዬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ለሂሩት እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች። ቤት ገብተን "የሂሩት እናት ታድላ" ስትል ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

ከዛ በኋላ ያን ምዕራፍ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሂሩት የሳተችው ነገር አይጠፋም ብዬ። አጣሁ። ስፈልግ ስፈልግ ግን ሌላውን ሁሉ አወቅኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ዲፓርትመንት ስንመርጥ ባዮሎጂ ሞላሁ፤ መቼም እሷም እዛው ናት፣ ሜዳውን ብቻዋን አልለቅላትም ብዬ። ምደባው ሲወጣ ደወልኩላት።

"አካውንቲንግ ደረሰኝ" አለች ደስ ብሏት።

"ባዮሎጂስ?"

"ኧረ እኔ ባዮሎጂ መች እወዳለሁ? ያኔም ሲስቁብሽ አሳዝነሽኝ ነው የተነሳሁት።"

ከሁሉም ይሄ ነው ያቃጠለኝ። ያን ያህል ጊዜ ስሮጥ ለካ አጠገቤ የሚሮጥ ሰው አልነበረም። አሁን እሷ ባንክ ተቀጥራለች፤ ስሰማ ቀናሁ፣ አልዋሽም። ግን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ሴል ሳይ ያሳለፍኳቸውን ዓመታት በምንም አልቀይራቸውም፤ እዛ ያስገባችኝም እሷ ናት። አልነግራትም። በዚህም ትብለጠኝ እንዴ?