በሶ የተጠጣበት ልደት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለንብረቱ ሐጂ ዩሱፍ የሚኒባሱን ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት ጋቢና ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። ስለ ዘይት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጎማ አንድም አልተነፈሱም፤ ያንን እንደማውቅ ያውቃሉ። ጣታቸውን ወደ መሐል መስታወቱ ቀስረው፣ «ዋርያ፣ ይቺ ለመንገድ ናት። ከኋላ ያለው ሰው ቢጣላ፣ ቢያለቅስ፣ ቢሳሳም አንተን አያገባህም። ሰማህ?» አሉኝ።

«ሰማሁ ሐጂ» አልኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ድሬ ላይ ኮንትራት ስሠራ በዚህች ቃል ኖርኩ። ሙሽራ ስወስድ፣ ለቅሶኛ ሳደርስ፣ ሁርሶ ማሠልጠኛ ስመላለስ ዓይኔም ጆሮዬም መንገዱ ላይ ነበር። ደንበኞቼ «ምስጢር ጠባቂ ሹፌር» ይሉኛል፤ እኔም እኮራበት ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት በሁዳዴ ጾም አንድ ቤተሰብ ለሦስት ቀን ተከራየኝ። የእናታቸውን የሰባኛ ዓመት ልደት ዓርብ ድሬ ምሳ በልተው፣ ቅዳሜና እሑድን ደግሞ ጅቡቲ ባሕር ዳር ሊያከብሩ ነው። ታላቁ ልጅ ዳንኤል የጉምሩክ ትራንዚተር ስለሆነ ድንበሩን እንደ ጓዳው ያውቀዋል። እህቱ ሄለን ከነልጆቿ ከአዲስ አበባ የመጣችው ለዚሁ ነው። እናትየው እማማ አስካለ ይባላሉ። የልደት ቀኑን እሳቸው ራሳቸው አያውቁትም፤ መታወቂያ ሲያወጡ የቀበሌው ጸሐፊ ከራሱ የሞላው ነው። ቀኑ ጾም ላይ መዋሉን ከልጆቹ ማን ልብ ይበል!

ዓርብ ምግብ ቤቱ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀምጬ አያለሁ። ክትፎ መጣ፣ ጥብስ መጣ፣ ክሬም የተቀባ ኬክ መጣ። ሁዳዴን ለሚጾሙ ሴትዮ! እማማ እጃቸውን ታጥበው ባዶ ሳህን ፊት ቁጭ አሉ። አስተናጋጁ «እናቴ፣ የጾም ላምጣልዎ?» ሲላቸው ዳንኤል ቀደማቸው።

«ተው አቦ! በልደቷ ቀን እግዜርም ይቅር ይላታል።»

ሁሉም ሳቁ፤ እማማም አብረው ሳቁ። ደሜ ፈላ፤ ግን ሹፌር ነኝና ፊቴን ወደ መንገዱ መለስኩ።

ከምሳ በኋላ ተነሥተን ድንበሩ ላይ ደወሌ ኬላ ስንደርስ ዳንኤል የሁሉንም ፓስፖርት ይዞ ወረደ፣ ሌሎቹም እግራቸውን ሊያፍታቱ ተከተሉት። እኔና እማማ ቀረን። እኔም ጿሚ ነኝ፤ ለመንገድ ሚስቴ በሶ ቋጥራልኛለች።

«እማማ፣ በሶ ልበጥብጥልዎ?»

«ተው ልጄ። ስንት ጊዜ ሲዘጋጁበት የከረሙት ነው፤ ካዩኝ ይከፋቸዋል። አደራ፣ እንዳታሳጣኝ።»

መስታወቱን ወደ መንገዱ አቃናሁና ልጆቹ ሲመለሱ መንገዴን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ባሕሩ ዳር ሌላ ምግብ ቤት ገባን። አሁን ደግሞ ዓሣ። «ዓሣ እኮ የጾም ነው እማዬ!» አለች ሄለን። ዓሣ በጾም የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ፤ እማማ አይበሉም። የወለዷት ልጅ ይህን አታውቅም? ሁለተኛ ኬክ ቀረበ። ሄለን ስልኳን ደግና «ለፎቶ ብቻ፣ ጎረስ አድርጊ!» ትላለች። እማማ ማንኪያውን ከንፈራቸው ጋ አድርሰው መለሱት። ፎቶው ተነሳ። ኧረ ጉድ ነው!

ቀጥሎ ውሃው ውስጥ ይቁሙልን ተባለ፣ ለሌላ ፎቶ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ተንገዳግደው ሊወድቁ ሆነ። ጫማዬን ሳላወልቅ ሮጬ ገብቼ ደገፍኳቸው።

«ሙቀቱ ነው!» አለ ዳንኤል።

«የምን ሙቀት! ድሬ ኖረው ያረጁ ሴት ሙቀት ይጥላቸዋል? ከትናንት ጀምሮ ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሱም። ሁለት ቀን ሙሉ ስትበሉ አንዳችሁ እንኳ ሳህናቸውን አላያችሁም!» አልኩት።

«አንተን ምን አገባህ? ሹፌር አይደለህም እንዴ?» አለች ሄለን።

«ነኝ» አልኳትና ከመኪናው በሶዬን አምጥቼ በውሃና በስኳር በጠበጥኩት። እማማ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው በአንድ ትንፋሽ ጠጡት። ከዚያ ኩባያውን መለሱልኝና «ድገመኝ» አሉ። ዳንኤል ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

እሑድ ድሬ እንደገባን ሄለን ሐጂ ጋ ደውላ ከሰሰችኝ። ሐጂ አርጅተዋል፤ ቁጣቸው ግን አላረጀም። ሲያስጠሩኝ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸውና፣ ቃላቸውን አፍርሻለሁ ብዬ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ዓርብ ምሳ ላይ ነው ያየኸው?» አሉ።

«አዎ ሐጂ።»

«ታዲያ እስከ ቅዳሜ ምን ትጠብቃለህ? ወላሂ፣ እናት ስትራብ ዝም በል አልኩህ እንዴ እኔ!» ቁልፉን ወረወሩልኝ።

ቀለብኩት። በእነዚያ ልጆች ስቃጠል ሰንብቼ ነበር። እነሱስ አላዩም፤ አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ኮንትራት ስይዝ ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ወደ ኋላ ዞሬ ማን እንደሚጾም፣ ማን እንዳልበላ እጠይቃለሁ። የሚቆጣ ደንበኛ አለ። ይቆጣ።