ሁለተኛው ጉርሻ

ተጣጥፎ የተተወ ናፕኪን መንካት አልችልም።

የምሠራው ሪቻርድሰን በምትባል ከተማ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሰዎች ታክመው ሲወጡ አፋቸውን የጠረጉበትን ናፕኪን አጣጥፈው እኔ ፊት፣ ባንኮኒው ላይ ትተውት ይሄዳሉ። አብረውኝ የሚሠሩት በሁለት ጣት አንስተው ይወረውሩታል። እኔ ጓንት አጠልቃለሁ። ጓንት አጥልቄም እርጥበቱ መዳፌ ድረስ የሚዘልቅ ይመስለኛል፤ ምራቄ ይመረኛል። "ጥርስ ቤት እየሠራሽ?" ብለው ይስቁብኛል። እኔም ፈገግ እላለሁ። ነገሩ ከጥርስ ጋር የሚያገናኘው የለም። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከዚያ ብዙ በማትርቅ ከተማ፣ ካሮልተን ነበር። አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። አንድ ቀን የጫነው ሰው ከኋላ ወንበር ሆኖ ስሙን፣ ያገሩን ስም፣ የልጁን ስም ጠየቀው። እንዲህ የጠየቀው ተሳፋሪ ስላልነበረ አባቴ ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። ሰውየው ለስቴቱ ምክር ቤት የሚወዳደር ጠበቃ ነው። የሰጠውን የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት አባቴ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈው፤ የሰውየውንም ሕይወት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያዘው።

"አባቱ ጎማ ጠጋኝ ነበር" ይለናል እራት ላይ። "እሱም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎማ ሲያወልቅ ነው ያደገው። ማለቴ፣ እንደኛው የድሃ ልጅ ነው። ይሄ ሰው አንድ ቀን የስቴት ገዥ ካልሆነ ምን አለ በሉኝ!"

አባቴ አልተሳሳተም። ሆነ።

አባቴ ጋበዘው፤ ሰውየውም እሺ አለ። የመጣው በዐቢይ ጾም፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጎን አዳራሽ ተከራይቶ ነበር። የማጠቢያው ሙቀት በግድግዳው ይገባል፤ የሳሙናው ሽታ ከበርበሬው ሽታ ጋር ይደባለቃል። ጣሪያው ላይ ያለው ረጅሙ አምፖል እንደ ንብ ይጮኻል። ዛሬም የታጠበ አንሶላ ሲሸተኝ አብሮ የሚመጣብኝ የዚያ ቀን ምስር ወጥ ነው።

ምግቡን የሠሩት እትዬ ናቸው። እትዬ ጎረቤታችን ነበሩ፤ እናቴና አባቴ ሥራ ሲገቡ እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ይሠሩ ነበር። መንዳት አይችሉም። አውቶቡስ የሚይዙት ከአፓርታማችን ፊት ለፊት፣ ከሰፊው መንገድ ማዶ ነው። መኪናው ይከንፋል፤ የትራፊክ መብራት የለም። አብራቸው የምትሠራ ሴት እዚያው ስትሻገር መኪና ገጭቷት ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። እትዬ በየማለዳው መንገዱ ዳር ይቆማሉ፤ ያማትባሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ይሮጣሉ። ገና ሳይነጋ በመስኮት የማየው ያ ነጭ ነጠላ ማዶ እስኪደርስ ድረስ እኔ አልተነፍስም ነበር።

ስለዚህ እትዬ ለሰውየው የሚሉት ነበራቸው።

"አንቺ ትነግሪልኛለሽ" አሉኝ ሽንኩርት እየከተፉ። "መብራት ይትከልልን በይው። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።"

"እኔ አፍራለሁ፣ እትዬ።"

"እፈሪ። እያፈርሽ ተናገሪ።"

ከማለዳ ጀምሮ ሲያበስሉ አንዴም አልቀመሱም። በጾም ሰዓቱ ሳይደርስ ምላሳቸው ላይ ምንም አያኖሩም። ወደ ድስቱ ጎንበስ ብለው ያሸቱና "አሁን በቃው" ይላሉ። ወጡን የሚሠሩት በአፍንጫቸው ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ከትከሻው የሰፋ ሙሉ ልብስ ለብሶ ይንጎራደዳል። "ሹካ ይቅረብ?" አለ።

"ሹካ?" አሉ እትዬ። "ድምፅ ሊለምን መጥቶ በሹካ ሊበላ ነው?"

"እትዬ፣ ፈረንጅ ነው እኮ" አለ አባቴ። "እንዳያፍር ብለን ነው፣ ኦኬ?"

"የሚያፍር ከሆነ ለምን መጣ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹካው ቀረ።

ሰውየው የሚንት ከረሜላ ሽታ ይዞ ገባ። የሁሉንም እጅ ጨበጠ፤ የኔንም ጨበጠ። ለስላሳና ቀዝቃዛ እጅ ነበር። የጎማ ቤት ልጅ እጅ እንዲህ ነው እንዴ ብዬ ገረመኝ። ከኋላው ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ረዳቱ አለች፤ ሰው ወደሱ በተጠጋ ቁጥር ስልኳን አንስታ ፎቶ ትወስዳለች።

እትዬ ክንዴን ይዘው ፊቱ አቆሙኝ። እያፈርኩ ተናገርኩ። ስለ መንገዱ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ተገጨችው ሴት፣ ስለ መብራቱ ነገርኩት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እትዬን እያየ "ቃሌ ነው፤ ያ መብራት ይተከላል" አለ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተረጎምኩላቸው።

እትዬ እጃቸውን ታጥበው ምስሩን በእንጀራ ጠቀለሉና ወደ አፉ ዘረጉ። እሱም ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እልል ተባለ፣ ስልኩ ብልጭ አለ። ጉንጩን ሞልቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ።

"አንድማ ያጣላል!" አሉ እትዬ፣ ሁለተኛውን ሊጠቀልሉ ወደ ትሪው እየዞሩ።

እሱም ዞረ። ጀርባውን ለሰው፣ ፊቱን ለእኔ ሰጠ። ረዳቱ ምንም ሳይላት ናፕኪን አቀበለችው። አፉን ከፈተና ጉርሻውን እንዳለ አወጣው። ያልታኘከ ነበር፤ በምራቅ የራሰ እንጀራ፣ በዳሩ ቀይ ዘይት። አጣጥፎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው፤ ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጠፈልኝ።

"ጣይልኝ፣ የኔ ቆንጆ" አለኝ፤ ጠቀሰኝም።

እትዬ ሲዞሩ አፉ ባዶ ነበር፤ ፈገግ ብሎ ከፈተላቸው። ሁለተኛውንም ጎረሰ። እሳቸው ከሊቀመንበሩ ጋር ሲሳሳቁ ረዳቱ ሌላ ናፕኪን አወጣች።

ይኼን ሳስብ ዛሬም የሚያቅለሸልሸኝ ምራቁ ብቻ አይደለም። ሁለቱ መነጋገር እንኳ አላስፈለጋቸውም። የሰው ምግብ እንዴት እንደሚተፋ ተለማምደው ነው የመጡት። አልበላም ቢል ኖሮ እትዬ ይስቁ ነበር፤ ውሃ ይሰጡት ነበር፤ መብራቱንም ያው ይለምኑት ነበር።

ሰውየው ንግግር ሲያደርግ ናፕኪኑ እጄ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ለብ ያለ ነበር፤ ከዚያ ቀዘቀዘ፤ ዘይቱም በጣቶቼ መሀል ወጣ። ለመንቀሳቀስ አፈርኩ። ስለ ጎማ ቤቱ አወራ፤ አባቴ ቀድሞት ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ሰውየው ከሄደ በኋላ ሰው ሁሉ ትሪውን ከቦ በላ። እንግዳ የተቀበሉ ሳይሆን ለቅሶ የተቀመጡ ይመስል ዝም ብለው ነበር የሚበሉት። አባቴ ሚጥሚጣ ይነሰንሳል፣ ሊቀመንበሩ ሎሚ ይጠይቃል። እኔ አልበላሁም። "አሞሻል?" አሉኝ እትዬ። "አዎ" አልኳቸው። እጄን ስታጠብ የማጠቢያ ቤቱን ሙቅ ሳሙና በግድግዳው እያሸተትኩ ነበር፤ ቆዳዬ እስኪቀላ ታጠብኩ።

ሰውየው አሸነፈ። እትዬ ቢሮው እንድደውልላቸው ይጠይቁኝ ነበር። "ጉዳዩ እየታየ ነው" ትላለች ስልኩን የምታነሳው ሴት። እንደዚያው እተረጉማለሁ።

"ይተክለዋል" ይላሉ እትዬ። "ያ ሰው አይከዳኝም።"

መዳፌን እጨብጣለሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው?

ከዚያ ሰውየው ሚስቱ ወደ ተወለደችበት ስቴት ሄደ፤ እዚያ ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ ቀጥሎ ገዥ። አባቴ ታክሲ ውስጥ ለሚጭነው ሁሉ "እኔ ቀድሜ አውቄው ነበር" ይል ነበር። እየቆየ ተወው። ፍሪጁ ሲቀየር ወረቀቱም አብሮ ሄደ። መንገዱ ላይ መብራት አልተተከለም። እትዬ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ እያማተቡ ሲሮጡ ኖሩ፤ አሁን ሐኪም ቤትም ቤተ ክርስቲያንም የምወስዳቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ክሊኒኩ ውስጥ፣ መጠበቂያው ክፍል ባለው ቴሌቪዥን የሰውየውን ድምፅ ሰማሁ። ፀጉሩ ሸብቷል። ለበለጠ ሥልጣን ሊወዳደር ነው ይባላል። የጎማ ቤቱን ታሪክ ጨርሶ ወደኛ ደረሰ። "አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በገዛ እጇ አጎረሰችኝ" አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። "እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ምንም አልጠየቀችኝም። ሰውን ማገልገል ምን እንደሆነ የተማርኩት ከሷ ነው።" የምትጠይቀው ጋዜጠኛ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለስኩ።

ከሥራ ስወጣ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ቁጭ አልኩ፤ ላለመናገር ወስኜ ወጣሁ። ግን ከቤተ ክርስቲያን ደውለው "በቴሌቪዥን ስለ እርስዎ አወራ" ብለዋቸው ኖሮ በር ላይ ነው የጠበቁኝ።

"ምን አለ? ንገሪኝ።"

"እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም አለ።"

እትዬ ሳቁ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ምስሩ እኮ ጨው አልነበረውም! ሳልቀምስ ሠርቼ፣ ጨው መጨመሩን ረስቼው! ማታ የተረፈውን ብቀምሰው፣ አፈር! አባትሽ ሚጥሚጣውን እንደ ዱቄት የነሰነሰው ለካ ለዚያ ነው። አንድ ሰው ትንፍሽ አላለኝም።" ቀስ ብለው ተቀመጡ። "እሱ ግን ሁለቴ ጎርሶልኝ፣ ፊቱን እንኳ አልቋጠረም። እንግዳ ሆኖ ይኼን ለኔ ብሎ የዋጠ ሰው አይከዳኝም ብዬ ነበር የማምነው።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"መብራቱስ? ስለ መብራቱ ምን አለ?"

መቀነስ ይቻል ነበር። ያሳደጉኝ ግን እሳቸው ናቸው።

"ምንም አልጠየቀችኝም አለ።"

ከውጭ የመንገዱ ድምፅ ይሰማል፤ ጎማ በአስፋልት ላይ፣ ያለማቋረጥ። እትዬ ወደ እጄ አዩ። ሳላውቀው ጨብጬው ነበር።

"ያን ቀን አንቺ አልበላሽም" አሉ። "እጅሽንም እንዲህ አድርገሽ ነበር።"

እትዬ እጄን ወስደው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጉ፤ የሆነ ነገር ያለበት ይመስል መዳፌን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ምንም አልጠየቁኝም።

ተነሥተው ምስር አቀረቡ። ለደም ግፊታቸው ሐኪሙ ጨው ከልክሏቸዋል። ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ።

ጨው አልነበረውም። አኝኬ ዋጥኩት፤ ሁለተኛውን ጠቅልለው እስኪዞሩም አፌን ከፍቼ ጠበቅኳቸው።