በብራናው ጀርባ የተጻፈው ስም

ቄሱ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ ከማሞቂያው ጎን፣ የማኅበራችን ሴቶች ከምግቡ ጠረጴዛ ኋላ፣ እኔ ከመስኮቱ ሥር ቆመን ነበር። የክርስትና ልጄ ከግድግዳው ፊት ለፊት ቆማ ለኮሌጅ ትምህርቷ ስላዘጋጀችው ትርኢት ትናገራለች። ቦታው ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል ሰፈር ውስጥ እሑድ እሑድ የምንከራየው አዳራሽ ነው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት አባቴ በብራና የሣላቸው ሰባት ጋሻዎች ናቸው። አባቴ ጎንደር ውስጥ መጽሐፍ ጸሐፊ ነበር። ጋሻዎቹን የቀዳው ከአንድ የገዳም ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ከተሣሉት ሰማዕታት እጅ ነው። ልጅ ሆኜ ቀለም ስበጠብጥለት በጣቱ ያሳየኝ ነበር። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ የሚሣለው ሐረግ፣ ያ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጌጥ፣ ጋሻው ላይም አለ።

«አንጥረኛው ከኛ ነው የወሰደው። መጽሐፉን አይቶ ሄዶ ነው ብሩን በጋሻው ቆዳ ላይ እንዲህ ያጣመመው» ይለኝ ነበር። እሱም ከመምህሩ የሰማው ነው።

እንደ ጸሐፊዎች ልማድ በእያንዳንዱ ብራና ጀርባ ስሙን ጽፎ፣ ያየ ሁሉ በጸሎት እንዲያስበው ለምኗል። ብራናዎቹን ለክርስትና ልጄ ስሰጣት የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙ እንዲነበብ። እሺ ብላ ጉልበቴን ስማ ወሰደቻቸው።

አሁን ሰባቱም በጥቁር ካርቶን ላይ በሙጫ ተለጥፈዋል።

ስለ ሐረጉና ስለ አንጥረኛው የነገርኳትን ሁሉ አሳምራ ተናገረች።

«ይሄ ጋሻ የካልጋሪን ብርድ ይመልሳል ወይ?» አሉ ሽማግሌው። ሰው ሳቀ።

«ልጄ፣ ሠዓሊው ማን ነው?» ብለው ቄሱ ጠየቁ።

ወደ እኔ አየች። «አይታወቅም አባ። ብራናዎቹ በጣም ኦልድ ናቸው።»

ተጨበጨበላት። ጭብጨባው ሲያበቃ ወደ እሷ ሄድኩ።

«ጀርባው ላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ» አልኳት።

«እማማ፣ ፕሊስ፣ ቀስ ይበሉ። የአባትዎ ኮፒ ነው ብል ማን ሲሪየስ ያየዋል? ለኮሌጅም ኦሪጅናል ብዬ ነው ያስገባሁት።»

«ሙጫው ይለቃል?»

«አይለቅም። ብራናው ይቀደዳል።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳህን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ የክርስትና ልጅዎ አኮራችን እኮ! ትንሽ ይቅመሱ።»

«ጠግቤያለሁ» አልኩ።

«እማማ፣ ቤት ላድርስዎት፤ መኪናውን እዚሁ በር ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት» አለችኝ የክርስትና ልጄ።

የቄሱን መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። ወደ ባቡር ጣቢያው በእግሬ ሄድኩ።