ሰባት የቴምር ዘር

የሱዳኗን የባቡር ከተማ፣ የአትባራን ፊሽካ አንድ ጊዜ የሰማ ጆሮ አይረሳውም። ከባቡር ፋብሪካው ጣሪያ ላይ ሲለቀቅ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ያጉረመርማል፤ ከዚያ እየጎላ ይነሳና ከተማውን ሁሉ ሞልቶ፣ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ከወንዙ ማዶ ይጠፋል። ሰው በሱ ይነሳ፣ በሱ ቁርሱን ይበላ፣ በሱ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። የእጅ ሰዓት ያለው ጥቂት ነው፤ ያለውም የሚያስተካክለው በፊሽካው ነው። በእኛ በሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ከቆመ ዓመት አልፎት ስለነበር፣ መድኃኒት እንኳ የምንሰጠው በፊሽካ ነበር። አንዱን በማለዳው፣ ሌላውን በሦስት ሰዓቱ የቁርስ ፊሽካ፣ የቀረውን በስምንት ሰዓቱ የመውጫ ፊሽካ።

አርባ ዓመት አልፎ ያ ድምፅ ትዝ ሲለኝ ታዲያ በዓይኔ የሚመጣው ባቡር አይደለም። ሲስተር በቱል ናቸው።

ሲስተር በቱል የባቡር እሳት አንዳጅ ልጅ ነበሩ። በልጅነታቸው ነርስነት ሊማሩ ወደ ኦምዱርማን ሲሄዱ፣ ጎረቤቱ አባታቸውን፣ «ሴት ልጅህን የሰው ገላ ልታጥብ ትልካለህ?» ብሎ ወቀሳቸው አሉ። አባትየውም፣ «እኔ ለብረት ከሰል ሳጎርስ ነው የኖርኩት፤ እሷ ለሰው ውኃ ብታጎርስ ምን ነውር አለው?» ብለው መለሱ። በኋላ አጭቷቸው የነበረ ሰው ሥራሽን ተዪ ባላቸው ጊዜ ቀለበቱን በክኒን ፖስታ አሽገው መለሱለት ይባላል። እውነት ይሁን ሐሰት፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድም ቀን ደፍሬ አልጠየቅኋቸውም።

ጠዋት ሲገቡ ሥራ አይጀምሩም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምሩና ከበሩ እስከ ሰገነቱ፣ ከሰገነቱ እስከ በሩ በአልጋዎቹ መካከል ይሄዳሉ። ምንም አይነኩም፤ ያያሉ ብቻ። ከዚያ ጠረጴዛቸው ጋ ቆመው ማን ማንን እንደሚያስቀድም ይነግሩናል። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ደም፣ ቀጥሎ ሕመም፤ ጩኸት ከሁሉ በኋላ።

«የሚጮህ ሰው ቢያንስ ትንፋሽ አለው» ይሉ ነበር። «እናንተ ዝም ያለውን እዩልኝ።»

ሥራ ሲሰጡን ደግሞ የሰጡንን መልሰን እንድንነግራቸው ያደርጋሉ። «ምን አልኩሽ? ለማን? ስንት? መቼ?» አንዷን ካስቀረን እንደገና ያስጀምሩናል። ክኒን ከሆነም በሽተኛዋ ስትውጥ ቆመን ማየት አለብን። እኔ ያን ጊዜ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበርና ይህ ሁሉ የአሮጊት ጭንቀት ይመስለኝ ነበር።

ሐጃ ሪያ የገቡት በዚያው ክረምት ነው። ከከሪማ ከተማ በታች ካለ የቴምር አገር፣ ከአህያ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ፣ በባቡር ተጭነው መጡ። ቀጭን፣ ደረቅ ያሉ፣ ከሰባ በላይ የሆናቸው ሴት ናቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንዲት «እህ» ከአፋቸው አልወጣችም። በአገራቸው በምጥ የጮኸች ሴት ስሟ እስከ ልጅ ልጆቿ ሠርግ ድረስ ይነሳል። የምታስታምማቸው የልጃቸው ሚስት ሲተኑር፣ «እሳቸውን ምንም አያማቸውም» እያለች ትኮራባቸው ነበር፤ እኛም አመንናት።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር በቱል ጠዋት ክፍሉን ሲዞሩ ከሐጃ ሪያ አልጋ ግርጌ ቆሙ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው የእግራቸውን ጣቶች አዩ። እንደ ቡጢ ተጨብጠዋል።

«ሲተኑር፣ ከቴምርሽ ቅመሱ ብለሽን አታውቂም» አሉ።

ልጅቱ አፍራ ከረጢቱን አመጣች። ሲስተር አሥር ቴምር ለበሽተኞቹ አከፋፈሉ፤ ዘሮቹን ሰብስበው አጠቡና በሐጃ ሪያ መዳፍ ላይ አኖሩ፤ ጣቶቻቸውንም አጠፉላቸው።

«ሐጃ፣ በአፍዎ ምንም አይበሉኝ። ሕመሙ ትንሽ ከሆነ አንድ፣ ከጠና እስከ አሥር፣ እዚህ ሳህን ላይ ያስቀምጡልኝ። የቴምር ዘር ቆጠሩ ብሎ የሚያማዎ የለም።»

ሐጃ ሪያ ጣሪያውን ብዙ አዩ። ከዚያ እጃቸው ሾልኮ ወጣና አንድ በአንድ ዘጠኝ ዘር አስቀመጡ።

«አሥረኛውን ያስቀረሁት ለይሉኝታ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየመድኃኒት ሰዓቱ ሳህኗን እናያለን። ዘጠኙ ወደ አምስት፣ አምስቱ ወደ ሦስት ሲወርድ ሐጃም ትንሽ ማውራት፣ አልፎ አልፎም እኛን መንቀፍ ጀመሩ።

እንግዲህ ያ የማልረሳው ቀን ማክሰኞ ነበር። የሐጃ ሪያ ቁስል ሲታጠብ እንዳያማቸው በቁርሱ ፊሽካ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግተዋል። ሲስተር በቱል ወደ ስብሰባ ተጠርተው ሲወጡ የመድኃኒቱን ሳጥን ቁልፍ ከደረታቸው ነቅለው ሰጡኝ።

«የሐጃ ሪያ ሁለቱ የማስታገሻ ክኒን በመውጫው ፊሽካ ነው። መርፌው ሳይበርድ ከተደረበ ትንፋሻቸውን ይይዘዋል። ምን አልኩሽ?»

«ለሐጃ ሪያ፣ ሁለት ክኒን፣ በስምንት ሰዓት ፊሽካ። ሲውጡ ቆሜ አያለሁ።»

ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ከቀዶ ሕክምና የተመለሰች ሴት ታስመልስ ጀመር፤ የሌላዋ ግሉኮስ አለቀ፤ ከጥግ ደግሞ የባቡር ነጂው ሚስት እትዬ ዳሩሰላም፣ «እዚህ ቤት ሰው የለም ወይ? ትራሴ ወደቀ እኮ!» እያሉ ቤቱን አናወጡት። እኔም የሮጥኩት ወደሳቸው ነው። ትራሱን አነሳሁ፤ ቀጥሎ ውኃ አሉ፤ ቀጥሎ መስኮቱ ይዘጋ አሉ። ስመለስ የምታስመልሰዋ ሴት አንሶላዋን አበላሽታ አገኘኋት። በስምንት ሰዓት አንዲት በሽተኛ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ላመጣ እንደምሄድ ትዝ ሲለኝ ጊዜ ሁለቱን ክኒን አውጥቼ በወረቀት ጠቀለልኩና ለሲተኑር ሰጠኋት።

«ፊሽካው ሲጮህ አውጫቸው።»

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ሰውነቷን በተጠቀለለችበት በቶቧ ጫፍም ቋጠረችው። ምን አልኩሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

አራት ሰዓት ገደማ ፊሽካው ጮኸ። እየተቆረጠ ሦስት ጊዜ ነው የጮኸው። የአትባራ ልጅ ይህን ሲሰማ ልቡ ይወድቃል፤ የእሳት ፊሽካ ነው። መራመድ የምትችል ሁሉ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ወንድሜ አናጺዎቹ ዘንድ ይሠራ ስለነበር እኔም ወጣሁ። ከእንጨት መጋዘኑ በኩል ጥቁር ጭስ ይታያል። እትዬ ዳሩሰላም የቀዶ ሕክምና ስፌታቸውን በእጃቸው ደግፈው ከኋላዬ መጡ።

«የኔው ባል ከሆነ እሳቱ አያገኘውም» አሉ ዓይናቸውን ከጭሱ ሳይነቅሉ። «ሃያ ዓመት ስቀሰቅሰው ያልነቃ ሰው፣ እሳት ባለበት ምን ያደርጋል?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ አንዷ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። በኋላ እንደሰማነው የተቃጠለው እንጨት ብቻ ነው።

ሲስተር በቱል ከስብሰባው ሲመለሱ ያገኙን እንደዚያ ቆመን ነው። በአጠገባችን አልፈው ገቡ፤ ጭሱን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ትንሽ ቆይቶ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ዝቅ ያለ ነበር።

«ረውዳ፣ ነይ።»

ሐጃ ሪያ ተኝተዋል። እጃቸው ተዘርግቶ የቴምር ዘሮቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ሲተኑር ፊቷ በርቶ ተቀበለችን።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ክኒኑን እንደነገርሽኝ በፊሽካው ሰጠኋቸው።»

በእሷ መንደር ፊሽካ የለም። የሥራውንና የእሳቱን ከምን ትለየው? እኔ ደግሞ እዚያው ፊሽካ ሥር ተወልጄ ያደግሁ ነኝና፣ የማይለየው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሲስተር እጃቸውን በሐጃ ደረት ላይ አድርገው በሰዓታቸው ቆጠሩ።

«ሰባት» አሉ። አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ሰባት ትንፋሽ። «ረውዳ፣ ወደ ሐኪሙ። መርፌና ክኒን ተደራርቧል፣ ትንፋሽ ሰባት፣ የመድኃኒቱን ማፍረሻ መርፌ ይዘህ ድረስ በይ። ምን አልኩሽ?»

ደገምኩላቸው። የጽዳት ሠራተኛዋን ኦክስጂን እንድታመጣ ላኳት። ሲተኑር ነገሩ ገብቷት ፊቷን በቶቧ ስትሸፍን ትከሻዋን ያዙ።

«አንቺ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው። አሁን ደግሞ ሌላ አዝሻለሁ። እጃቸውን ያዢና ስለ መንደራችሁ እየጮህሽ አውሪያቸው። እንዲተኙ አትተዪያቸው።»

ሐኪሙን ይዤ ስመለስ ሲተኑር እያለቀሰች፣ «እማዬ፣ የምሥራቁ ዘንባባ የማን ነው? ያጎትዎ ልጅ ነው አሉ የወሰደው!» ትላለች። ሐጃ ሪያም ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ውሸቱን ነው» አሉ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ቃል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪሙ መርፌውን ወጋቸው። ትንፋሻቸው ወደ አሥር፣ ከዚያም ወደ አሥራ ሦስት ወጣ። ማፍረሻው ሲበርድ የመጀመሪያው መድኃኒት ተመልሶ ሊከብዳቸው ይችላልና ሲስተር በቱል ወንበር ስበው እስከ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ በየሩብ ሰዓቱም ቆጠሩ። እኔ ቁልፉን በጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሌላውን ሥራ እሠራለሁ። ከዚህ በኋላ መድኃኒት እንደማያስነኩኝ አልተጠራጠርኩም።

በመዝገቡ ላይ የሆነውን ሁሉ ሲጽፉ አየኋቸው። በመጀመሪያው መስመር ላይ የሳቸው ስም ነበር።

«ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም ወይ?» አልኳቸው።

«ክፍሉን ጥዬልሽ የሄድኩት እኔ ነኝ። ያንቺ ከሥር አለ፤ አንብበሽ ፈርሚ።»

ፈረምኩ። ከፊርማዬ በታች ሌላ መስመር ነበረ። ከዛሬ ጀምሮ ክኒን ለአስታማሚ አይሰጥም፤ በፊሽካም አይሰጥም፤ የግድግዳው ሰዓት ይጠገን፣ ይላል።

ፀሐዩ ወደ ወንዙ ሲያዘነብል ሕመሙ በሙሉ ኃይሉ ተመለሰ። ማፍረሻው መርፌ ማስታገሻውንም አብሮ አፍርሶታል። ሲተኑር ዘሮቹን ከወለሉ ለቅማ አጥባ ነበርና ሐጃ ሪያ አንድ በአንድ ሳህኑ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። ሰባት ላይ ቆሙ። ከንፈራቸውን ነክሰውታል። ሐኪሙ እንደገና መጥቶ አያቸውና አንድ ክኒን ብቻ አዘዘ፤ ከዚያም ትንፋሻቸው እንዲጠበቅ አዞ ወጣ።

እኔ ከግድግዳው ተጣብቄ ቀረሁ።

«ሲስተር፣ ለነገ ቢቆይስ?» አልኩ። «ትንሽ ቢታገሡ… እሳቸው እንደሆነ ይችላሉ።»

ሲስተር በቱል አልተቆጡም። «ትንፋሻቸውን ቁጠሪ» አሉኝ።

ቆጠርኩ። ራሴን ስላላመንኩ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። «አሥራ አራት።»

«ጥሩ ነው። ሐኪሙስ ምን አዘዘ?»

«አንድ ክኒን።»

«ታዲያ የሚያግድሽ ምንድን ነው?»

ጠዋት ዘሮቹ የተበተኑበትን ወለል አየሁ። እሳቸው ወደ ሳህኑ አዩ።

«ፍርሃቱ ያንቺ ነው፣ ረውዳ። ሕመሙ ግን የእሳቸው ነው።»

ሐጃ ሪያ ይህን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ኖረዋል። «ልጄ፣ ትሰጪኝ እንደሆን ስጪኝ» አሉ በቀጭኑ ድምፃቸው። «የለም ካልሽም ዘሬን መልሺልኝ፤ አገሬ ወስጄ እተክለዋለሁ።»

ሲተኑር በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች። ሲስተር በቱል ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስተው መዳፌን ገለበጡና አኖሩልኝ፤ ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጠፉልኝ፤ ልክ የሐጃን ጣቶች በዘሮቹ ላይ እንዳጠፉት። ምን አልኩሽ ብለው እስኪጠይቁኝ ጠበቅኩ። አልጠየቁኝም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ ሐጃ ሪያን አንድ ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ አዩና ከክፍሉ ወጡ።