በሰማያዊው መብራት ሥር

በቀደም ከቅዳሴ ስወጣ ቀጥታ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። በማግስቱ ክርስትና የማነሳው ሕፃን አለ፤ ለእሱ የወርቅ መስቀል ልገዛ ነው።

አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ መስቀሉን መረጥኩና ከነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ገንዘብ ፈትቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩ። ሻጩ ወጣት ብሮቹን ከአንዲት ትንሽ ሰማያዊ መብራት ሥር ሲያስገባቸው ቦግ ብለው አበሩ። ፊቱ ተለወጠ።

«አባባ፣ ይሄ ብር ከየት መጣ?»

«የእቁብ ነው ልጄ።»

«ትክክለኛ ብር እንዲህ አያበራም። ይሄ ፎርጅድ ነው።»

ዘበኛውን በዓይኑ ሲጠቅሰው በሩ ተዘጋ። ፖሊስ ሊጠራ ስልኩን አነሳ። ነገ የክርስትና አባት ሆኜ ልቆም፣ ዛሬ በሐሰተኛ ብር ልታሰር ነው። በልቤ «እመቤቴ፣ አታዋርጂኝ» እያልኩ፣ ልምልለት ብዬ ወደ እሱ ጎንበስ ስል የነጠላዬ ጫፍ መብራቱ ሥር ወደቀ። ከብሩም ብሶ ቦግ አለ።

ሻጩ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ አንዴ ነጠላዬን፣ አንዴ ብሩን አየ።

«ይሄን ነጠላ ማን አጠበልዎት?»

«ባለቤቴ ናት፣ ትናንት። እኔ ቋጠሮውን ሳልፈታ ሰጥቻት፣ ከነብሩ በዱቄት ሳሙና ዘፈዘፈችው።»

ስልኩን ዘጋ። ብሮቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አቅንቶ ውስጣቸው ያለውን ክር አየ፣ በጣቱም ዳሰሳቸው።

«የሚያበራው ሳሙናው ነው» አለ። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞሮ፣ «በሩን ክፈትላቸው። በዚህ መብራት ከተፈረደማ አባባ ራሳቸውም ፎርጅድ ናቸው።»